መናገር ደግሞ ትምህርት ነው ወይ?

ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ በእግራቸው መጥተው፥ ከክፍል እስክወጣ ድረስ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ተማሪዬ ናት። በዩኒቨርሲቲ ልትማር ያሰበችውን ስትነግራቸው ነገሩ አልዋጥላቸው ብሎ ኖሮ፥ «መምህር፥ እኔ ሐኪም ትሆናለች ብዬ ነበር። እሷ ግን የሰው መግባባት የሚባል ትምህርት አለ ትለኛለች። ለመሆኑ መናገር ደግሞ ትምህርት ነው ወይ? ይኸንንማ ገና ድክ ድክ ስትል እናቷ አስተምራታለች» አሉኝ።

ጥያቄው የሚያስቅ አይደለም። ከአንባብያን መካከል ይኸንኑ ጥያቄ ከአባቱ አፍ የሰማ ብዙ ተማሪ እንዳለ አልጠራጠርም። ስለዚህ ለሽማግሌው የመለስኩትን፥ እንዲሁም ለመመለስ የተቸገርኩበትን ዛሬ በዚህ ዓምድ ላቀርብ ወደድኩ።

አስቀድሞ ስሙን እናጥራ። በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች «ኮሙኒኬሽን» የሚባለውን ቃል «መገናኛ» ብለን ስንተረጕመው፥ ሐሳባችን ወዲያው ወደ ሬዲዮና ወደ ስልክ ሽቦ ይሄዳል። ሌላው ደግሞ የጋዜጠኝነት ሁለተኛ ስሙ ይመስለዋል። ጋዜጠኝነት ግን የዚህ ዛፍ አንዱ ቅርንጫፍ ነው። የትምህርቱ ግንድ፥ ሰው ከሰው ጋር በቃል፥ በጽሑፍ፥ በፊት ገጽታ፥ በዝምታም ጭምር እንዴት እንደሚግባባና መግባባቱ በየት በኩል እንደሚሰበር መመርመር ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የግሪኩ ፈላስፋ አሪስጣጣሊስ፥ ሰሚን የሚያሳምኑ ሦስት ነገሮች መሆናቸውን አስተምሯል፤ እነዚህም የተናጋሪው ጠባይ፥ የሰሚው ስሜትና የነገሩ ማስረጃ ናቸው። በእኛም አገር ቢሆን የቅኔው ሰምና ወርቅ፥ የበላ ልበልሃው ሙግትና የሽምግልናው ሥርዓት ሁሉ የዚሁ ዕውቀት ልጆች ናቸው። የአፋር ሕዝብ «ዳጉ» የሚለውን ልማድ ያስታውሷል። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ተናጋሪው ያየውን ካየው፥ የሰማውን ከሰማው ለይቶ መናገር ይጠበቅበታል። ይኸ ልማድ ለብዙ የዛሬ ወሬ አቀባይ ትምህርት በሆነ ነበር።

ራሱን የቻለ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወደ መሆን የተጠጋው ግን በቅርብ ዘመን ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1914 ዓ.ም. በአሜሪካን አገር 17 የንግግር መምህራን፥ ትምህርታችን የእንግሊዝኛ ክፍል ጭራ ሆኖ መቅረት የለበትም ብለው ከእንግሊዝኛ መምህራን ማኅበር ተለይተው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። በ1948 ደግሞ ሃሮልድ ላስዌል የተባለው ሊቅ የምርመራውን መንገድ በአምስት ጥያቄ አጠቃለለው። ማን፥ ምን አለ፥ በምን መንገድ፥ ለማን፥ ምንስ ውጤት አመጣ? በእኛም አገር የአዲስ አበባና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ጋዜጠኝነትንና ኮሙኒኬሽንን ያስተምራሉ።

ሽማግሌው ይኸን ሁሉ በትዕግሥት ሰምተው፥ «ደግ ነው፤ ነገር ግን ሐኪም ያጣ ሰው ይሞታል፤ ይኸን ያጣ ሰው ምን ይሆናል?» አሉኝ። ያን ጊዜ የሁለቱን አውሮፕላኖች ነገር ነገርኳቸው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መጋቢት 27 ቀን 1977 ዓ.ም. በቴነሪፍ ደሴት አውሮፕላን ማረፊያ ጉም ወርዶ ነበር። ሁለት ታላላቅ አውሮፕላኖች በአንድ መንደርደሪያ ላይ ነበሩ። የአንደኛው ረዳት አብራሪ በሬዲዮ ያስተላለፈው ቃል «ልንነሣ ነው» ወይም «ለመነሣት ተዘጋጅተናል» ተብሎ በሁለት መንገድ ሊተረጐም የሚችል ነበር። ተቆጣጣሪው ሁለተኛውን ተረዳ። «ቆዩ» ብሎ የመለሰው ቃል ደግሞ ሌላው አውሮፕላን በዚያው ሰዓት በመናገሩ ድምፁ ተዘበራረቀ። ከበረራ ሠራተኞቹ አንዱ፥ ያኛው አውሮፕላን መንገዱን ለቆ እንደ ሆነ ጠይቆ ነበር፤ አለቃው ግን ለቋል ብሎ ገሠገሠ። በግጭቱ 583 ሰዎች ሞቱ። ሞተሩም ክንፉም ደኅና ነበር፤ የተሰበረው መግባባት ነው። ከዚያ ወዲህ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች የሚነጋገሩበት ቃል ተወስኗል። የበታች ሠራተኛ አለቃውን እንዴት እንደሚያስጠነቅቅ፥ አለቃውም እንዴት እንደሚሰማ የሚሰጠው ትምህርት በየአየር መንገዱ ሊስፋፋ የቻለው በዚህና ይኸን በመሳሰለው አደጋ ምክንያት ነው።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ከካፖርታቸው ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ከአንድ መሥሪያ ቤት ስለ መሬታቸው ካሣ የተጻፈላቸው ደብዳቤ ነበር። አንዱ ዐረፍተ ነገር ሰባት መሥመር ይፈጃል። እኔ ዲግሪ አለኝ የምለው ሁለት ጊዜ አንብቤ ነው የተረዳሁት። ቅሬታ ያለው ሰው በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲያመለክት የሚያሳስበው ቃል ከስድስተኛው መሥመር ተሸጕጧል። የጐረቤት ልጅ ባነበበላቸው ጊዜ የተረዱት «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» የሚለውን ብቻ ስለ ነበር፥ እስኪጠሯቸው ድረስ በትዕግሥት ሲጠብቁ ቀኑ አለፈ።

የደብዳቤው ጸሐፊ ክፉ ሰው አይመስለኝም። ምናልባት ይኸን ዓምድ ከሚያነቡት ወጣት ሠራተኞች እንደ አንዱ ያለ ትጉህ ሰው ይሆናል። ደብዳቤውን ሲጽፍ ግን ያሰበው አለቃው እንዳይነቅፈው እንጂ ሽማግሌው እንዲገባቸው አልነበረም። ከአምስቱ ጥያቄዎች «ለማን» የምትለዋን ዘነጋት፤ የሰው ካሣ ግን በዚያች ጥያቄ ላይ ቀረ። አባቶች «ካነጋገር ይፈረዳል፥ ካያያዝ ይቀደዳል» ያሉት እንዲህ ላለው ነው።

የቃል ጕዳት ከስሕተት ብቻ አይመጣም። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌ ውል እናስታውስ። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛ፥ ዳግማዊ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ እንደሚቻላቸው ሲናገር፥ ኢጣልያ ግን የራሷን ግልባጭ ግዴታ አድርጋ ይዛ በኢትዮጵያ ላይ የሞግዚትነት መብት አለኝ አለች። ነገሩ እስከ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እስከ ዐድዋ ደረሰ። እንግዲህ ይኸን ትምህርት የሚማር ሰው ሌላውን ለማታለልም ሊጠቀምበት ይችላልና፥ ከዕውቀቱ ጋር ግብረ ገብነት ያስፈልገዋል።

ሽማግሌው ደብዳቤአቸውን መልሰው እያጠፉ፥ «እንግዲያው ልጄ ይኸን ተምራ ስትወጣ ማን ይቀጥራታል?» አሉኝ። የተቸገርኩበት ጥያቄ ይኸ ነው፤ ምክንያቱም ማባበል አልፈለግሁም።

እውነቱን ለመናገር፥ ከዚህ ትምህርት የሚወጣ ሰው እንደ ሐኪም ወይም እንደ ነርስ በሩ ላይ የሚለጠፍ አንድ የታወቀ ስም የለውም። ሥራው በብዙ ቤት ተበታትኖ የሚገኝ ነው። በጋዜጣ፥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን፤ በየሚኒስቴሩ በሚገኘው የሕዝብ ግንኙነት ክፍል፤ በባንክና በንግድ ድርጅት የማስታወቂያና የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል፤ በእርዳታ ድርጅት፤ በማስተማርና በምርምር ሊሰለፍ ይችላል። በጤናና በግብርናም ሰፊ ቦታ አለ። በአገራችን በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች፥ አብዛኞቹ ሴቶች፥ ሠልጥነው ቤት ለቤት እየዞሩ አስተምረዋል። አንዲት እናት ልጇን እንድታስከትብ የሚያሳምናት ምን ዐይነት ቃል ነው? ከማንስ አፍ ሲወጣ ታምነዋለች? ይኸን የሚያጠና ሰው ያስፈልጋል።

ለገበሬው የቀረበ ምሳሌም አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፥ አዮዋ በተባለው ክፍለ ሀገር 259 ገበሬዎች የተዳቀለ የበቆሎ ዘር እንዴት እንደ ተቀበሉ ጽፈዋል። ከሁለቱ በስተቀር ሁሉም ዘሩን ተቀብለዋል፤ ነገር ግን ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ብዙዎቹ ስለ ዘሩ መጀመሪያ የሰሙት ከሻጮች ሲሆን፥ ያሳመናቸው ግን የጐረቤት ቃል ነበር። ይኸን ስነግራቸው ሽማግሌው ሣቅ ብለው፥ «እሱንማ እኛም እናውቃለን፤ የጐረቤት ማሳ ሳያይ ማን ዘር ይለውጣል?» አሉ። እኔም ያንን ዕውቀት ከእርስዎ ጠይቆ፥ ቈጥሮና ጽፎ ለመሥሪያ ቤቱ የሚያቀርብ ሰው ነው ትምህርቱ የሚያወጣው አልኳቸው።

ይኸን ትምህርት ለመምረጥ የምታስቡ ተማሪዎች ሦስት ነገር አስቡ። አንደኛ፥ የሚያስተላልፈው ዕውቀት የሌለው ሰው ቃል ብቻውን ባዶ እንስራ ነውና፥ ከጤና፥ ከግብርና፥ ከሕግ ወይም ከኢኮኖሚክስ አንዱን ደርባችሁ ያዙ። ሁለተኛ፥ ከአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ሌላ ቢያንስ አንድ ተጨማሪ የአገራችሁን ቋንቋ ተማሩ፤ ከስታቲስቲክስም አትሽሹ። ሦስተኛ፥ ለመናገር ከምትለማመዱት የበለጠ ለመስማት ተለማመዱ። ዛሬ ኮምፒዩተር በቅጽበት ደብዳቤ ይጽፋል፤ ስለዚህ ማሳመር ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ደብዳቤው ለሽማግሌው ገብቷቸው እንደ ሆነ አጠገባቸው ተቀምጦ የሚጠይቅ ሰው ግን አሁንም እንደ ጠፋ ነው።

በየመሥሪያ ቤቱ የምትሠሩ ወጣቶችም ዩኒቨርሲቲ እስክትመለሱ አትጠብቁ። ነገ ለባለጉዳይ የምትጽፉትን ደብዳቤ ማኅተም ከመምታታችሁ በፊት ለበሩ ዘበኛ አንብቡለት። ከዚያም ምን ማለት እንደ ሆነ በራሱ ቃል እንዲነግራችሁ ለምኑት። ካልቻለ ጥፋቱ የእሱ አይደለምና እንደ ገና ጻፉት። ቀነ ገደብ ካለበት በመጀመሪያው መሥመር ላይ አስፍሩት።

ሽማግሌው ሲሰናበቱኝ እሺም እምቢም አላሉም። «ምርጫው የእሷ ነው፤ አንድ ነገር ግን ፈልጌአለሁ። ማመልከቻዬን እንደ ገና ትጻፍልኝ፤ አንቱም ይዩላት» አሉኝ። ልጅቱ በማግሥቱ ጽፋ አመጣችልኝ። ግማሽ ገጽ ናት። መሬቱ የት እንደሚገኝ፥ ደብዳቤው መቼ እንደ ደረሰ፥ ቀኑ ለምን እንዳለፈና የሚለምኑት ምን እንደ ሆነ በአራት አጫጭር ዐረፍተ ነገር አስፍራለች። አንዲትም ቃል አላረምኩባትም። መሥሪያ ቤቱ ምን እንደሚመልስ ገና አላወቅንም፤ አባቷ ግን በጆሯቸው እንደ ሰሙ ያለ ተርጓሚ ተረድተውታል።