ሰማይ አይከሰስም

«ዘንድሮ ዝናቡ ስለቀረ ነው።» ይህችን አባባል ስንት ጊዜ ሰማናት? አሁን ደግሞ «የአየር ንብረት ለውጥ» የሚል አዲስ ስም ይዛ መጥታለች። ለውጡ ውሸት ነው አልልም። በልጉ እንደሚቀር፣ ክረምቱ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ እንደሚወጣ ገበሬው ከማናችንም በፊት አውቆታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ እውነት የሌላ እውነት መሸፈኛ መሆኑ ነው። ሰማይ እኮ አይከሰስም፤ ለጥያቄም አይቀርብም።

ድርቅና ረሃብ አንድ አይደሉም። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ከ1950 እስከ 1970 ዓ.ም. የነበረውን ረሃብ መርምረው ገበሬውን ያጋለጠው የሚኖርበት ሥርዓት መሆኑን ካሳዩ አርባ ዓመት አልፏል። አማርትያ ሴንም ወሎ በረሃብ ሲያልቅ ከዚያው ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና አስመራ ይወጣ እንደነበር ጽፏል። ሰዉ ያጣው መግዣ ነበር።

መግዣው እንዴት ይጠፋል? በበሬው በኩል ነዋ! ሳር ሲጠፋ በሬው ይከሳል። ሁሉም በአንድ ገበያ ከብቱን ይዞ ሲወጣ ዋጋው ይወድቃል። በሬውን የሸጠ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ቢሰምርለት እንኳ ምን ይጠምዳል? መሬቱን ለባለ በሬ ለእኩል ይሰጥና ምርቱን ይካፈላል። የአንድ ዓመት ድርቅ የሦስት ዓመት ረሃብ የሚሆነው እንዲህ ነው።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት የታሰበው ይህን ለማስቀረት ነበር፦ ገበሬው ጥሪቱን ሳይሸጥ ክፉውን ጊዜ እንዲያልፍ። ሐሳቡን አልነቅፍም። ግን እርከን የሠራበት ክፍያ ሁለት ወር ከዘገየ በሬው ገበያ ወጣ ማለት ነው። ታዲያ ይህንንም ዝናቡ ነው ያዘገየው?

«አቅም የለንም» የሚል መልስ ይመጣል። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ሳቢያ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው አስቸኳይ እርዳታ ሲያስፈልገው የወጣውን ወጪ እናስታውስ። ኤልኒኞ ደግሞ ወራት ቀድሞ የሚታይ ነገር ነው። ዘግይቶ መድረስ ርካሽ ሆኖ አያውቅም።

ስለዚህ ገንዘቡ የተራበ ሰው ከተቆጠረ በኋላ ሳይሆን ትንበያው እንደወጣ ይለቀቅ። መኖው በሬው ሳይከሳ ይድረስ። የማዳበሪያ ዕዳ በድርቅ ዓመት ይራዘም። ክፍያ ያዘገየ ኃላፊ በስሙ ይጠየቅ። በሬው ከተሸጠ በኋላ የሚመጣ ስንዴ ለጊዜው ነፍስ ያቆያል፤ ለከርሞ ግን መሬት አያርስም።