በሰው ፊት የሚሰጥ መልስ

በፌስቡክ ከአንድ ጽሑፍ ሥር የሚሰፍር መልስ ለጸሐፊው ብቻ የተላከ ደብዳቤ አይደለም። ተመልካች የከበበው ሙግት ነው፤ ተሟጋቹም ባላጋራውን ማስረዳቱን ትቶ ለተመልካቹ መናገር ይጀምራል። ሽማግሌዎቻችን ተጣዮቹን ከማገናኘታቸው አስቀድሞ እያንዳንዱን ለብቻ የሚያነጋግሩት ስለዚህ ነው፤ በሰው ፊት የተናገረ ቃሉን ለማንሣት ያፍራልና።

ብዙ ቤተ ሰብ ያላስተዋለው ሌላም ነገር አለ። ድርጅቱ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2018 ዓ.ም. ሰዎች መልስ የሚመላለሱበት ጽሑፍ ከፍ ብሎ እንዲታይ አደረገ። ከዚያም በፊት በ2017 የቍጣ ምልክት የ«ወደድሁት»ን አምስት እጥፍ ይመዝን ነበር፤ (ለቍጣ እንዲህ ያለ ዋጋ መስጠት ይደንቃል!) ወደ ዜሮ የወረደው በ2020 ነው።

እንግዲህ ልጃችሁ ከሐሰተኛ ወሬ ሥር «ውሸት ነው!» ብሎ ቢጽፍ፣ ወሬውን ላላየው ዘመድ ሊያደርሰው ይችላል። ጸሐፊውን የሚያውቀው ከሆነ በስልክ ይንገረው፤ ካልሆነም እውነቱን በራሱ ገጽ ይጻፍ። ስሙ በሐሰት ለጠፋ ጎረቤት ግን አንዲት አጭር፣ ጨዋ ቃል እዚያው አስፍሮ መውጣት ይገባል። አስቸጋሪው ሁለተኛው ምላሽ ሲመጣ አለመመለሱ ነው።