የባሌ ዓሣና የባሌ ማር፦ ስለ መጠጥ ዝርዝር ዳኝነት

ዓሣ በሚቀርብበት ቤት ሁሉ፣ በውኃ ዳር የተሠራም ይሁን ከውኃ የራቀ፣ በእንግዳው ፊት የሚዘረጋው የመጠጥ ዝርዝር ባለቤቱ ስለ ማዕዱ፣ ስለ እንግዳውና ስለሚኖርበት አገር ያለውን ዕውቀትና አክብሮት የሚገልጥ ምስክር ስለ ሆነ፣ እንደ ምግቡ ሁሉ ሊቀመስ፣ ሊመዘንና ሊፈረድበት ይገባል። በቀድሞው የግብር ሥርዓት ጠጅ አሳላፊው መጠጡን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ራሱ ይቀምስ ነበር፤ ይህ ልማድ ከመርዝ ለመጠበቅ የተሠራ ቢሆንም፣ መጠጥ የሚያቀርብ ሰው ስለሚያቀርበው ነገር በገዛ ምላሱ መመስከር አለበት የሚለውን ሕግ በውስጡ ይዞ ኖሯል። በቃና ዘገሊላው ሰርግ እንኳ ውኃው ወደ ወይን ጠጅ በተለወጠ ጊዜ አስቀድሞ ቀምሶ ፍርዱን የሰጠው የድግሱ አሳዳሪ ነበረ። ዛሬ በየሆቴሉ የሚታየው ዝርዝር ግን አብዛኛውን ጊዜ ማንም ያልቀመሰው፣ ከአከፋፋዩ የዋጋ ወረቀት እንዳለ የተገለበጠ ጽሑፍ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የባሌ ደጋ ነው። ባሌ ባሕር የለውም፤ ነገር ግን ከተራሮቹ የሚወርደው የዌብ ወንዝ በዲንሾ በኩል አልፎ እስከ ሶፍ ዑመር ዋሻ ድረስ አለት ሰንጥቆ ሲሄድ፣ በላይኛው ቀዝቃዛ ውኃው ውስጥ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀው ትራውት የተባለው ዓሣ ተዋልዶ ይኖርበታል። ከዚህም ሌላ የዝዋይና የሐዋሳ ሐይቆች ዓሣ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርጎ ወደ ሮቤና ወደ ጎባ ይወጣል፤ ስለዚህም የባሌ ደገኛ ዛሬ ለዓሣ ባዕድ አይደለም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ፣ እንግዳን ደኅና አድርጎ መቀበል ለነዚህ ሁለት ከተሞች የኑሮና የክብር ጉዳይ ሆኗል፤ እንግዳ ከሩቅ አገር መጥቶ የሳነቴን አምባና ቀይ ቀበሮን አይቶ ሲመለስ፣ ማታ በማዕዱ ላይ የሚያገኘው ነገር ስለ አገሩ የሚነግረው ከሌለ ጉዞው ግማሽ ይሆናል።

ከነዚሁ ከተሞች በአንዱ፣ ስሙን ልጠራው በማልሻው ቤት፣ የዓሣ ጥብስ አዝዤ ዝርዝሩን ስጠይቅ የቀረበልኝ በፕላስቲክ የተለበጠ አንድ ገጽ ነበር፤ ከላይ የቢራ ስሞች፣ ከታች የውስኪ ስሞች፣ በመካከል «ወይን ጠጅ፦ ቀይ፣ ነጭ» ከሚል መስመር በቀር አንዳች አልነበረበትም። የየትኛው አገር፣ የየትኛው ዘመን፣ ከየትኛው የወይን ዘር እንደ ሆነ አስተናጋጁን ብጠይቀው፣ ልጁ እጅግ ጨዋ ነበረና፣ «ጋሼ፣ እኔ ጠጥቼው ስለማላውቅ ልዋሽዎት አልፈልግም» አለኝ፤ እኔም በዚያ ዝርዝር ላይ ካነበብሁት ሁሉ ይልቅ ይህን መልስ አከበርሁት። ጠርሙሶቹ ግን ከማኪያቶ ማሽኑ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ቀኑን ሙሉ የማሽኑ እንፋሎትና ከመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ያገኛቸዋል። ቡሽ ያለው ጠርሙስ በጎኑ ካልተጋደመ ቡሹ ይደርቃል፤ ቡሹ ሲደርቅ አየር ይገባል፤ አየር የገባበት ወይን ጠጅ ወደ ሆምጣጤ ያዘነብላል። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ በምትገኘው በጎባ ይህ መሆኑ ያሳዝናል፤ ፀሐይ የማያገኘው አንድ ጓዳ ብቻ ቢኖር፣ ሌሎች አገሮች ምድር ቆፍረው የሚያበጁትን ቀዝቃዛ ጎተራ የባሌ አየር በነፃ ይሰጣልና።

ወደ ዓሣው ስንመለስ፣ ዓሣ ከነጭ ወይን ጠጅ ጋር ይስማማል የሚለው የቆየ ፍርድ የባለጸጎች ወግ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የጃፓን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ የባሕር ምግብ ከቀይ ወይን ጠጅ ጋር ሲበላ በአፍ ውስጥ የሚቀረው ደስ የማይል የዓሣ ሽታ በወይን ጠጁ ውስጥ ካለው የብረት መጠን ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል። የኛ ዓሣ ግን እንዲያ በሎሚና በጨው ብቻ አይቀርብም፤ ጉላሹ በርበሬ አለበት፣ ዱለቱ ቃሪያ አለበት፣ ጥብሱም ቢሆን ከአዋዜ ይጠቀሳል። የበርበሬን ትኩሳት የመጠጡ የአልኮል ኃይል ያባብሰዋል፣ ጥቂት ጣፋጭነት ግን ያበርደዋል፤ ስለዚህ ለሎሚ ጥብስ ደረቅ ነጭ፣ ለጉላሽ ደግሞ ለዘብ ያለና ጥቂት የጣፈጠ መጠጥ የሚመርጥ ዝርዝር ዐዋቂ ዝርዝር ነው፤ ሁለቱን ሳይለይ የተጻፈው ግን ለማን ኩሽና እንደ ተጻፈ አይታወቅም።

ለዚህ የሚሆን ወይን ጠጅ በአገራችን አይታጣም። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደርንና አክሱሚትን ለብዙ ዘመን ሲያቀርብ፣ ወይኑም ከባሌ ጎረቤት ከአርሲ፣ ከመርቲ ይመጣለታል። የፈረንሳዩ ካስቴል በበኩሉ በዝዋይ የተከለው የወይን እርሻ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ አውጥቶ፣ ሻርዶኔ ከተባለው ነጭ ዘር የተጠመቀው «ሪፍት ቫሊ» ከዚያው ከሐይቁ ከሚወጣው ዓሣ ጋር በአንድ ማዕድ ሊቀርብ የሚችል ሆኗል። በዝዋይ ዳር የሚገኝ የዓሣ ቤት ዝርዝሩን በዚህ ቢጀምር ማንም አይወቅሰውም፤ ዓሣውና ወይኑ የአንድ ሸለቆ ልጆች ናቸውና። እኔም ዳኛ ሆኜ ብሾም ነጥቡን ለእርሱ እሰጣለሁ።

ባሌን የሚመዝን ዳኛ ግን የዝዋይን መለኪያ ይዞ መምጣት የለበትም፤ ምክንያቱም የባሌ ተራራ ወይን ባይሰጥም ማር ይሰጣል። ከጎባ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን የሳነቴን አምባ ተሻግሮ ወደ ሪራ የሚወርድ መንገደኛ፣ ከብርድና ከጉም ወጥቶ በአንድ ጊዜ ወደ ሐረና ጥቅጥቅ ደን ሲገባ፣ በየዛፉ ጫፍ የተሰቀለውን ረጅም ቀፎ ያያል። ጌተም ከተባለው ዛፍ አበባ የሚቆረጠው ማር ነጭ ነው፤ ከሌላው አበባ የሚመጣው እየጠቆረና እየከበደ ይሄዳል፤ የዱር ቡናውም በዚያው ጥላ ሥር ያብባል። ይህ እንግዲህ ሌሎች ሕዝቦች ስለ ወይን ኮረብታቸው መጽሐፍ የጻፉበት ጉዳይ ነው፦ አንድ መጠጥ የተገኘበትን ምድር፣ ወቅትና አበባ በጣዕሙ መሸከሙ። ጠጃችን ይህን ሁሉ ይሸከማል፤ ሆኖም በሆቴሎቻችን ዝርዝር ላይ ፈልጎ የሚያገኘው ሰው ጥቂት ነው፣ ቢያገኘውም «ጠጅ» ከሚል አንድ ቃል የተረፈ አያነብም።

ተራው ጠጅ ቤት እንኳ ደረቅ፣ መካከለኛና ለስላሳ ብሎ ለይቶ ይቀዳል፤ ጠጅ ጣይዋ ጋኗን በወይራ አጥና፣ ማሩን በውኃ በጥብጣ፣ ጌሾውን ጨምራ፣ ጥንስሱ ሲፈላና ሲሰክን በጆሮዋና በአፍንጫዋ እየተከታተለች ታውቀዋለች። ለዓሣ ጉላሽ መካከለኛውን፣ ለትራውት ጥብስ ደረቁን ብታቀርብ፣ ከየትኛውም አገር ከመጣ ጠርሙስ ጋር ያለ ኀፍረት እንደሚወዳደር እምነቴ ጽኑ ነው። ዳኛው ግን አንድ ነገር አጥብቆ መጠየቅ አለበት፤ ይኸውም በማር ፈንታ ስኳር ገብቶበት እንደ ሆነ ነው። የስኳር ጠጅ በከተሞቻችን መስፋፋቱ የታወቀ ነውና፣ በማር የተጣለውን በስኳር ከተጣለው የማይለይ ዝርዝር ገዢውንም ማር ቆራጩንም ይበድላል፤ እውነተኛውን ማር ይዞ ከሪራ የሚመጣው ገበሬ የድካሙን ዋጋ የሚያገኘው መጠጡ በስሙ ሲጠራ ብቻ ነውና።

ሌላም የማይታለፍ ነገር አለ። ባሌ የሼኽ ሑሴን አገር ነው፤ ከሕዝቡ ብዙው ሙስሊም ነው፣ አልኮል አይቀምስም፤ ከክርስቲያኑም በጾም ወይም በስእለት የሚታቀብ አለ። በአንድ ማዕድ ዙሪያ ከተቀመጡት መካከል ግማሾቹ የሚመርጡት ነገር አጥተው ወደ ለስላሳ ጠርሙስ ብቻ የሚገፉ ከሆነ፣ ያ ዝርዝር የቱንም ያህል ወይን ቢቆጥር በባሌ ምድር የተሟላ ሊባል አይችልም። ብርዝ አለ፦ ሳይፈላ ትኩሱን የሚጠጣ፣ የሐረናን ማር መዓዛ ከጠጅ ይልቅ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ፣ ለሕፃንም ለሽማግሌም የሚሆን። ከማዕዱ በኋላም የሐረና የዱር ቡና አለ። እነዚህ እንደ ወይን ጠጁ በተመሳሳይ ጥንቃቄ፣ በተመሳሳይ ፊደልና በተመሳሳይ ገጽ ሊጻፉ ይገባል፤ ብርዝን ከገጹ ግርጌ የሚጥል ቤት ከጎረቤቱ ጋር እንዴት እንደሚኖር ገና አላወቀም።

እንግዲህ የሮቤም ሆነ የጎባ ባለ ሆቴሎች ምክሬን ቢቀበሉ፣ ውስኪውን ሳይቀንሱ፣ ቢራውንም ሳያባርሩ፣ በዝርዝራቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሐረና ብርዝና የሐረና ጠጅ፣ ማሩ የተቆረጠበት ቀበሌ፣ ወቅቱና አበባው፣ ደረቅ ወይስ ለስላሳ መሆኑ ይጻፍ፤ ከእርሱ ቀጥሎ ሁለት ወይም ሦስት የአገር ወይን ጠጅ ከነዘመኑና ከነዘሩ፣ በጠርሙስ ብቻ ሳይሆን በብርጭቆም የሚሸጥበት ዋጋ ይቀመጥ፤ በየዓሣው ምግብ አጠገብም የሚስማማው መጠጥ በአንድ መስመር ይጠቀስ። አልኮል የሚጠጡት አስተናጋጆች ጠጁንና ወይን ጠጁን፣ የማይጠጡት ብርዙን፣ እንግዳ ከመግባቱ በፊት ይቅመሱ። ጠርሙሶቹም ዛሬውኑ ከማኪያቶ ማሽኑ በላይ ይውረዱና በጓዳው ጨለማ በጎናቸው ይጋደሙ።