ኮሶና አስታም የችግኝ መደብ ይገባቸዋል

በእኛ የዘመን አቆጣጠር ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው። በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች ገበሬው በዚህ ወቅት ማሳውን ደጋግሞ ያርሳል፤ ደመናውን እያየም ዘሩን ያሰናዳል። ስለ ችግኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ክረምቱ ከገባ በኋላ፣ ሐምሌ ላይ ነው። የሐምሌው ችግኝ ይጸድቅ ወይም ይደርቅ እንደሆነ በአመዛኙ የሚወሰነው ግን አሁን በፀደይ ነው። ለሰሜን ተራሮች ዕፅዋት ይህን የፀደይ ሥራ የሚሠራ፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የዕፅዋት ማዕከል በደባርቅ አካባቢ ያስፈልጋል የሚል እምነት አለኝ።

የ2011 ዓ.ም. ፀደይን እናስታውስ። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣው እሳት በግጭ አካባቢ ጓሳ ሣሩንና አስታውን በላ። የአካባቢው ሕዝብ ቅጠል ይዞ ከነበልባል ጋር ታገለ፤ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያም ሄሊኮፕተር መጣ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ በመላ አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአንድ ጀምበር መተከሉ ተገለጸ። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አራት ወር ቢሆን ነው። በዚያ ሐምሌ አንድ የደባርቅ ነዋሪ “የተራራዬን ዛፍ ልተካ” ብሎ ቢነሣ የኮሶ፣ የአምጃ ወይም የአስታ ችግኝ የሚያገኝበት ደጅ ያስፈልገው ነበር። ዛሬም ያስፈልገዋል።

በእርግጥ አስታ ቢቃጠልም ከሥሩ እንደገና የማቆጥቆጥ ጠባይ አለው። ይሁን እንጂ ያቆጠቆጠውን ከብት ከጋጠው፣ እሳቱም ከተመላለሰበት ያ ጉልበቱ ያልቃል። ኮሶ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ወንዴና ሴቴ አበባው በተለያየ ዛፍ ላይ ስለሆነ ከአንድ ሸለቆ የቀሩት ጥቂት ዛፎች በሙሉ አንድ ዓይነት ከሆኑ ፍሬ የለም። ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀይ የሴቴው አበባ ነውና ሰው የሚቆርጠውም ዘር የምትሰጠውን ዛፍ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ዛፍ “ተፈጥሮ ራሷ ትተካዋለች” ብሎ መተው አያዋጣም።

ሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ለዓለም ከቀረቡት የመጀመሪያ ቅርሶች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ በ2017 ወጥቷል። ስለዚህ ፓርክ ስናወራ በአመዛኙ የምናነሣው ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ነው። እንስሳቱን የሚመግበውና አፈሩን አንቆ የያዘው ዕፅዋት ስሙ እምብዛም አይነሣም። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሰሜን ተራሮች የሰበሰባቸው ዕፅዋት ደርቀውና ተጫጭነው በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ተቀምጠዋል። የደባርቅ ተማሪ ግን የእነዚያኑ ዕፅዋት ሕያው ዘር፣ ስማቸው ተጽፎ፣ በከተማው አጠገብ ሊያይ ይገባዋል።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ባሕር ማቋረጥ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አለ። የከተማ አስተዳደሩና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ይህ ማዕከል 705 ሄክታር ላይ ያረፈ ነው። ቦታው ባሕር ዛፍ የበዛበት ኮረብታ ነበር፤ ሥራው ባሕር ዛፉን እያነሡ በአገር በቀል ዛፎች መተካትን ይጨምራል። ዩኒቨርሲቲው ዕውቀቱን፣ አስተዳደሩ መሬቱንና በጀቱን ይዘው መምጣታቸው ነው ትምህርቱ። ደባርቅም ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የፓርኩ ጽሕፈት ቤትም በዚያው ከተማ ነው። የሚያስፈልገው 705 ሄክታር አይደለም። ውኃ የሚደርስበት፣ የታጠረና ጠባቂ ያለው ጥቂት ሄክታር ለመጀመር ይበቃል።

የዚህ ማዕከል የፀደይ ሥራ ምን ሊሆን ይችላል? መጀመሪያ ዘር ነው። የወይራ ፍሬ ውስጡ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ቅርፊት ስላለው ሥጋው ታጥቦ፣ ቅርፊቱ በጥንቃቄ ተሰንጥቆ፣ ውኃ ውስጥ ካልተዘፈዘፈ ለመብቀል ይዘገያል። የኮሶ ዘር ደግሞ እጅግ ደቃቅ ነው፤ ጠልቆ ከተቀበረ አይወጣም። በላዩ ላይ አፈር በስሱ ነፍቶ፣ ሣር አልብሶ፣ ውኃውን በቀስታ ማርከፍከፍ ይገባል። እነዚህ ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች ናቸው ችግኝ ጣቢያን ባዶ የሚያስቀሩት።

ሁለተኛው ማጠንከር ነው። በዳስ ጥላ ሥር እየጠጣ ያደገ ችግኝ በድንገት ወደ ተራራ ቢወጣ ፀሐዩንም ብርዱንም አይችልም። ስለዚህ ከግንቦት ጀምሮ የዳሱን ጥላ ቀስ በቀስ ማሳሳት፣ የውኃ ማጠጫውን ጊዜ ማራራቅ፣ ከፕላስቲኩ ወጥቶ መሬት የያዘውን ሥር መቁረጥ የግድ ነው። ሦስተኛው ጉድጓድ ነው። ጉድጓድ በተከላው ዕለት ሳይሆን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ተቆፍሮ፣ የላዩና የታችኛው አፈር ለየብቻ ተቀምጦ፣ ብስባሽ ተጨምሮበት ዝናቡን መጠበቅ አለበት። በተከላው ዕለት ፕላስቲኩን ቀዶ ማውጣትም የሚረሳ ሥራ አይደለም። ከነፕላስቲኩ የተተከለ ችግኝ ሥሩ ታፍኖ ይቀራል።

ከፍታም መታሰብ አለበት። ጅብራ ቤቱ ከደባርቅ ከተማ በላይ፣ ውርጩ በሚበረታበት ቦታ ነው። ለእርሱና ለመሰሎቹ በፓርኩ ውስጥ የተከለለ መደብ ያስፈልጋል። በግርጌው ማዕከል ኮሶ፣ ወይራ፣ ጽድ፣ አምጃ፣ ቀጋና አንፋር ይያዙ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ለጋውን ችግኝ እንዳይፈጀው የሣር ዳስ ማልበስም የሥራው አካል ነው።

“ገበሬው የሚፈልገው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ደርሶ ይሸጣል” የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ እውነት አለበት። ከዳባት እስከ ደባርቅ በመንገዱ ግራና ቀኝ የምናየው ባሕር ዛፍ ቤት ሠርቷል፤ ልጅ አስተምሯል። ማንም ገበሬ የሚሸጠውን ነቅሎ የማይሸጠውን እንዲተክል አይጠየቅም። ነገር ግን የምንጭ ራስና ገደላማ ቦታ ለባሕር ዛፍ የሚሆን አይደለም። ኮሶና አስታ ደግሞ ለንብ ጥሩ ቀሰም ናቸው። ከቀፎ ጋር አያይዞ የሚሰጥ ችግኝ ከባዶ ምክር ይልቅ ይሰማል።

አንድ ያልተጠቀምንበት ሀብትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከፓርኩ ውስጥ ወጥተው በደባርቅ ዙሪያ የሰፈሩት የግጭ ነዋሪዎች ጓሳውንና አስታውን በዕድሜያቸው ሙሉ ያወቁ ሰዎች ናቸው። የትኛው ዘር መቼ እንደሚደርስ፣ የት እንደሚበቅል ከማንም በላይ እነርሱ ያውቃሉ። የማዕከሉ አትክልተኞች፣ ዘር ሰብሳቢዎችና ጠባቂዎች ከእነርሱ መካከል ቢመረጡ ሥራው ባለቤት ያገኛል፤ ከቀያቸው ለተነሡትም እንጀራ ይሆናል።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤትና የግብርና ጽሕፈት ቤቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ቦታ ይለዩ። ከቦታው በፊት መጀመር የሚቻል ሥራም አለ፤ በያሉት ችግኝ ጣቢያዎች ጥቂት መደብ ለኮሶና ለወይራ መልቀቅ ይቻላል። የተከላ ሪፖርትም የተተከለውን ብቻ ሳይሆን በቀጣዩ ፀደይ ቆሞ የተገኘውን ይቁጠር። በበጋው ልቅ ግጦሽ ያለፈና ውርጩን የቻለ ችግኝ ነው ዛፍ የሚባለው። አበው “ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ” ይላሉ። የሴቴ ኮሶ ዘር አሁንም ከተራራው ላይ አለ፤ የሚያውቁት ሰዎችም ከደባርቅ አልራቁም።