ድድ ሲደማ መፋቅ አይቆምም

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ከምትጠይቁኝ ነገሮች አንዱ «ዶክተር፣ ጥርሴን ስፍቅ ድዴ ይደማል፤ ስለዚህ መፋቅ ትቻለሁ፤ ምን ልጠቀም?» የሚል ነው። እኔ ጠቅላላ ሐኪም እንጂ የጥርስ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ይፋግን በመሰለ ከተማ የታመመ አፍ መጀመሪያ የሚመጣው እኛ ጋ ነው፤ የጥርስ ሐኪም ጋ የሚኬደው ጥርሱ ካለቀለት በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ አቋሜን በግልጽ ልንገራችሁ።

መፋቁን አትተዉ። ድዳችሁ የሚደማው ስለፋቃችሁት ሳይሆን ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ ቆሻሻ ስለተጠራቀመ ነው። ይህ ፕላክ የምንለው በባክቴሪያ የተሞላ ለስላሳ ሽፋን በየቀኑ ይሠራል። ካልተነሳ ድዱ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ሲነካ ይደማል። ሰው ደሙን ፈርቶ ያንን ቦታ ሲዘለው ቆሻሻው ይጨምራል፣ ድዱም ይብስበታል። በለስላሳ ብሩሽ ጠዋትና ማታ፣ የድዱን ጠርዝ ጨምሮ ቀስ ብሎ የሚያጸዳ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ደሙ ሲቀንስለት ያየዋል።

ካልቀነሰ ፕላኩ ጠንክሮ ድንጋይ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ድንጋዩን ብሩሽም ሎሚም አመድም አያነሳውም (ሎሚና አመድ ጥርሱን ራሱን ነው የሚበሉት)። የጥርስ ሐኪም በመሣሪያ ያጸዳዋል። «ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል» የሚለውን ወሬ እኔም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ጥርሱን ያላላው እጥበቱ ሳይሆን በድንጋዩ ሥር ቀስ በቀስ ያለቀው አጥንት ነው። ድንጋዩ ሸፍኖት የነበረው ክፍተት ሲጸዳ ይታያል፣ ሰውም እጥበቱን ይወቅሳል።

እዚህ ላይ ልዩነቱን ያዙልኝ። ድዱ ገና በሚደማበት ደረጃ ላይ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይድናል። ጥርሱን የያዘው አጥንት ማለቅ ከጀመረ ግን በሽታውን ማቆም ይቻል ይሆናል እንጂ የሄደው አጥንት እንደ ነበረ አይመለስም። ይህ ሁሉ ሲሆን ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። በ50 ዓመታቸው ጥርሳቸው የረገፈ ሰዎችን «ዕድሜ ነው» እያልን የምንሸኘው ለዚህ ይመስለኛል። ዕድሜ ብቻውን ጥርስ አያረግፍም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ከባድ የድድ በሽታ ያለባቸው ሰዎች በዓለም ዙሪያ ወደ 1 ቢሊዮን ይጠጋሉ። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ በተለይ ስሙኝ፦ ስኳሩ ድዱን ያብሳል፣ የታመመው ድድም ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል።

መፋቂያስ? መፋቂያን ከሚንቁት ወገን አይደለሁም። ወይራውም፣ ልምጩም፣ ክትክታውም ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ከለሰለሰና በትዕግሥት ከተሠራበት ፕላክ ያነሳል። ችግሩ የፊት ጥርስ ላይ ብቻ ስንመላለስበት ነው፤ የኋላ መንጋጋና የጥርስ ውስጠኛው ገጽ ይረሳል። ፍሎራይድም የለውም። ስለዚህ ቀን መፋቂያውን ያዙ፣ ማታ ግን ብሩሽና ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ይሁን። ከሁለቱ መርጠሽ አንዱን አድርጊ ብትሉኝ የማታውን እመርጣለሁ፤ ስንተኛ ምራቅ ስለሚቀንስ ባክቴሪያው ሌሊቱን የራሱ ያደርገዋል። ለመቁረብ ስትዘጋጁ ጠዋት አፋችሁን ውሃ የማታስነኩ ደግሞ ለማታው የበለጠ ምክንያት አላችሁ። ብሩሽ ለየራስ ነው፣ ባልና ሚስትም ቢሆኑ።

ስለ ድድ ንቅሳት ሳላነሳ ባልፍ ይቆጨኛል። የእናቶቻችን የተነቀሰ ድድ ውበት ነው፣ ጥርስንም ያጠነክራል ተብሎ የተደረገ ነው፤ ማንንም አላፍርበትም። ሆኖም የጠቆረ ድድ መቅላቱን ይደብቃል። እናታችሁ የተነቀሱ ከሆነ ቀለሙን ሳይሆን እብጠቱን፣ ደሙን፣ የአፍ ጠረኑን ተከታተሉላቸው። ዛሬ ለሴት ልጅ በአንድ መርፌ ለብዙ ሰው መንቀስ ግን የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ ማከፋፈል ስለሆነ ይቅር እላለሁ።

ነፍሰ ጡር እህቶቼ፣ ጽንሱ ጥርሳችሁን አይበላም። በእርግዝና ሆርሞን ምክንያት ድዱ ለትንሹ ቆሻሻ ከወትሮው በላይ ይቆጣል፣ ይኸው ነው። መፍትሔው ማጽዳት ነው። በእርግዝና ጊዜ ጥርስ መታከምም ማሳጠብም ይቻላል፤ «ከወለድሽ በኋላ» ብሎ ማቆየት አያስፈልግም።

አሁን በጣም ወደሚያናድደኝ ልምጣ፦ ግግ። ሕፃን ሲያስቀምጠው፣ ሲያስመልሰው ወይም ሲያተኩሰው ድዱ ላይ ነጣ ያለ እብጠት ይታይና «ግግ ነው» ተብሎ በጥፍር፣ በሽቦ ወይም በስለት ይወጣል። የሚወጣው በሽታ አይደለም፤ ገና ያልበቀለ የልጁ ጥርስ ነው። ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ መንጋጋ ቆልፍ ሊከተል ይችላል፣ ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስም ይጎዳል። ተቅማጡ ደግሞ እዚያው ይቀጥላል። ለተቅማጥ ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ዚንክ አለ፣ ጡት ማጥባት አለ፣ ጤና ጣቢያ አለ። አያቶች ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ፣ ስለዚህ አትጣሏቸው፤ ይዛችኋቸው ኑና እኛ እናስረዳቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ አካባቢ ሰው። የሚደማ ድድ ሁሉ የብሩሽ ጉዳይ አይደለም። ሊቦ ከምከም በ1997 ዓ.ም. ካላ አዛር ወረርሽኝ ሆኖ የታወቀበት ወረዳ ነው፤ በጊዜው መጀመሪያ ወባ መስሎ ነበር። ትኩሳቱ ሳምንታት ከቆየ፣ ሰውነት ከከሳ፣ በግራ ጎን በኩል ሆድ ካበጠ፣ ከአፍንጫ ወይም ከድድ ደም ከመጣ፣ በተለይ ወደ ሁመራና መተማ ለሥራ ደርሶ የተመለሰ ሰው ከሆነ፣ የጥርስ ሳሙና ሳትገዙ ምርመራ አምጡት። ከኩፍኝ በኋላ ወይም በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ድዱ ቆስሎ አፉ ክፉ ከሸተተና ጉንጩ ካበጠ ደግሞ በዚያው ቀን ይምጣ። ኖማ የሚባለው በሽታ እንዲህ ይጀምራል፣ በቀናት ውስጥ ጉንጭ ይበሳል፣ ካልታከመም በአብዛኛው ይገድላል። ገና ሲጀምር ከተደረሰበት ግን በተለመዱ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች፣ በአፍ ንጽሕናና በምግብ ይቆማል።

እኛ የጤና ባለሙያዎችም ዕዳ አለብን። እናት ለእርግዝና ክትትል ስትመጣ ግፊቷን እንለካለን፣ ደሟን እንመረምራለን፣ አፏን ክፈቺ አንላትም። ልጁን ክንዱንና ጭኑን አይተን እንመልሰዋለን። ከንፈር ገልጦ ለማየት ማሽን አያስፈልግም፣ ግማሽ ደቂቃ ነው። እስኪለመድ ድረስ እናንተ ጠይቁን፤ ልጃችሁን በ9 ወሩና በ15 ወሩ ለኩፍኝ ክትባት ስታመጡ «አፉንም እዩልኝ» በሉ። የመጀመሪያዋ ጥርስ ከወጣች ጀምሮ ደግሞ በሩዝ ፍሬ መጠን ፍሎራይድ ያለው ሳሙና በትንሽ ለስላሳ ብሩሽ አድርጋችሁ ማታ ማታ ራሳችሁ ፋቁለት። ሦስት ዓመት ሲሞላው በአተር ፍሬ ልክ ይሁን፤ ይትፋው እንጂ በብዙ ውሃ አይጉመጥመጥ።