የውሃው መዝገብ ከቆሻሻው ይቅደም

ከተማ ሲያድግ ለአካባቢው ገበሬ የገበያና የአገልግሎት በር እንደሚከፈት የታወቀ ነው። ይሁንና ከከተማው ጋር ቆሻሻውም አብሮ ያድጋል፤ የሚጣለውም ብዙውን ጊዜ በከተማው ዳር ባለ የገበሬ መሬት ላይ ነው። የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ የሆነው ከሚሴም ከዚህ ውጭ ሊሆን አይችልም። ስለሆነም የገበሬ ማኅበር መሪዎች ለቆሻሻ መጣያ የሚሆን ቦታ በሚጠየቁበት ጊዜ ከካሳው ጋር አብረው ሊያነሡት የሚገባ ዐቢይ ጉዳይ አለ። ይኸውም የጉድጓድ ውሃ ጉዳይ ነው።

በቆሻሻ ክምር ላይ የወረደ ዝናብ ጨውን፣ አሞኒያንና ከአሮጌ ባትሪ የሚወጣውን ብረት አጥቦ፣ ጥቁር ፍሳሽ ሆኖ ወደ መሬት ይሰርጋል። የጨፋ ሜዳ ረግረጋማ፣ የከርሰ ምድር ውሃውም ቅርብ ነው። በበጋ ወራት አርብቶ አደሩ ሳይቀር ከሩቅ ከብቱን እየነዳ የሚመጣው ይህንኑ ውሃና ሣር ተማምኖ ነው። የተበከለ ውሃ ግን ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል። ማፍላትም ቢሆን ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ብረትንና ናይትሬትን አያስወግድም።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በኮምቦልቻ በኩል አልፎ ወደ ጨፋ በሚወርደው ቦርከናና በገባሮቹ ላይ ባለፉት ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች፣ ከፋብሪካ ፍሳሽ የመጣ ክሮሚየምን የመሰለ ከባድ ብረት መገኘቱን ገልጸዋል። በአዲስ አበባም መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች አልቀዋል። የክምር መደርመስ በአንድ ቀን ይታያል፤ የውሃ መበከል ግን ዓመታት ፈጅቶ በዝምታ ይደርሳል።

ታዲያ በምን ይታወቃል? በልኬትና በመዝገብ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የቆሻሻ መጣያ ደንብ፣ የከርሰ ምድር ውሃው ከሚመጣበት ከላይ በኩልና ከሚሄድበት ከታች በኩል መመርመሪያ ጉድጓዶች እንዲኖሩ፣ በመጀመሪያው ዙር ከየጉድጓዱ ቢያንስ አራት ናሙና እንዲወሰድ፣ ከዚያም ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲመረመር ያዛል። መጣያው ከተዘጋ በኋላም ክትትሉ በመደበኛው ለ30 ዓመት ይቀጥላል።

አራት ናሙና ለምን አስፈለገ? ላም በአንድ ቀን ወተት እንደማትገመት ሁሉ ውሃም በአንድ ጠርሙስ አይፈረድበትም። የክረምቱና የበጋው ልኬት ይለያያል። ለምሳሌ ያህል የላይኛው ጉድጓድ ጨው በአራት ልኬት በሊትር 40፣ 55፣ 48 እና 60 ሚሊግራም ቢሆንና የታችኛው 62 ቢገኝ፣ ይህ የወቅት ለውጥ ሊሆን ይችላል። የታችኛው 150፣ በድጋሚ ሲለካም 170 ከሆነ ግን ልዩነቱ ከተለመደው መዋዠቅ አልፏልና ምክንያቱ መጣራት አለበት። ሆኖም የታችኛው ጉድጓድ ከጥንቱም ጨዋማ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህን የሚለየው ቆሻሻው ከመጣሉ በፊት የተያዘው ልኬት ብቻ ነው። ይህ ልኬት አንድ ጊዜ ካመለጠ ተመልሶ አይገኝም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ለሁሉም ሰው በንጹሕ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቷል። ነገር ግን ማስረጃ ያልያዘ ባለመብት በክርክር ጊዜ ባዶ እጁን ይቆማል።

በመሆኑም የማኅበር መሪዎች ቦታው ከመሰጠቱ በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማና የውሃው የመነሻ ልኬት እንዲቀርብላቸው ሊጠይቁ ይገባል። ናሙናው በክረምትም በበጋም ከነዚያው ጉድጓዶች እንዲወሰድ፣ ውጤቱም በጽሑፍ ለማኅበሩ እንዲደርስ መስማማት ያስፈልጋል። ማንበብና መጻፍ የሚችል አንድ ወጣት ተመርጦ ቀኑን፣ ዝናቡን፣ የውሃውን ጣዕምና ሽታ ይመዝግብ። ለውጥ ከታየም ምርመራው እስኪደገም ድረስ ሕዝቡ ከሌላ ጉድጓድ እንዲቀዳ ይደረግ።

አባቶች «ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ይላሉ። የዚህ ነገር ሥሩ ደግሞ የመጀመሪያው የቆሻሻ መኪና ከመድረሱ በፊት የሚከፈተው መዝገብ ነው።