ዓረብኛ ለግርድና ብቻ ነው እንዴ?

ጎበዝ፣ እስቲ ኮልፌና ቀራንዮ ውስጥ ልጇ ወይ የእህቷ ልጅ ዓረብ አገር ያልሄደችባት እናት ፈልጋችሁ አምጡ! ልጅቷ «ተዓሊ» እና «ሩሂ»ን ይዛ ትሄዳለች። ነይና ሂጂ ማለት ነው። ያስፈረሟት ወረቀት ምን እንደሚል ግን አታውቅም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ስታባርር ስንቱ ጉዳዩን በዓረብኛ የሚያስረዳለት ሰው አገኘ?

በ2008 የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ሠራተኛዋን «ስምንተኛ ክፍል ጨርሺ» አላት። እሺ፣ ይሁን። የሚሸኟት ሹማምንትስ ዓረብኛቸው ስንተኛ ክፍል ነው?

«የመስጊድ ቋንቋ ነው» የሚሉ አሉ። ቀልደኞች! ፍትሐ ነገሥት ራሱ ግብፃዊው ክርስቲያን ኢብን አል ዐሳል በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዓረብኛ ካዘጋጀው መጽሐፍ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው። የኢማም አሕመድ ዘመን ታሪክ የሚጠቀስበት ፉቱሕ አል ሐበሻም በዓረብኛ ነው የተጻፈው። ካይሮስ ብትሆን የዓባይ ግድብ ከተጀመረበት ከ2003 ወዲህ ለሕዝቧ ስትከሰን የኖረችው በምን ቋንቋ ነው? እኛ የእንግሊዝኛ ትርጉሙን እንለቃቅማለን።

ታዲያ ከኮልፌ መድረሳ ዓረብኛ ቀርቶ የወጣው ልጅ ስድስት ኪሎ ገብቶ፣ ከቋንቋው ጋር የዓረቡን ሕግና ባህል አጥንቶ፣ ጅዳና ቤሩት ባሉት ቆንስላዎቻችን የሚቀመጠው መቼ ነው? ወንበሩ በካድሬ ተይዟል እንዳትሉን ብቻ!